ድምፅ ከመውጣቱ በፊት

ለንደን በሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ወይም ኒው ዮርክ ባለው የጁሊያርድ ትምህርት ቤት ገብቶ ድምፅ የሚያጠና ወጣት፣ ከኖታና ከዜማ ትምህርቱ ሌላ አንድ ለየት ያለ ክፍለ ጊዜ ያገኛል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና ሰው የሚያስተኛ ጠረጴዛ ነው። ተማሪው በጀርባው ይተኛል፤ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ከራሱ ሥር ጥቂት መጻሕፍት ይደረጉለታል። አስተማሪዋ እጇን ማጅራቱ ሥር ታኖራለች። ለረጅም ደቂቃ አንድም ኖታ አይሰማም። የሚጠየቀው አንገቱን እንዳያጠብቅ፣ ጀርባውም እንዲረዝምና እንዲሰፋ እንዲተወው ብቻ ነው።

ይህ የአሌክሳንደር ዘዴ ይባላል። ስለ ኖታ፣ ስለ ቅኝት ወይም ስለ ድምፅ ስፋት የሚያስተምረው ነገር የለም። የሚያስተምረው ሰውየው የሚዘምርበትን አካል እንዴት እንደሚይዘው ነው፤ በተለይም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። አካልን በማወቅ በኩል ድምፅን የሚያሠለጥኑ ሌሎች መንገዶችም አሉ። በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ሥር ሰድደው ከቆዩት መካከል ግን ይህ አንጋፋው ሲሆን፣ ታሪኩም አንድ ዘፋኝ ወይም ዘማሪ በራሱ ጉሮሮ ላይ የሚፈጽመውን በደል ከሌሎቹ ሁሉ አጥርቶ ያሳያል።

ፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደር በ1869 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያዋ የታዝማኒያ ደሴት፣ ዊንያርድ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ወሩ ሳይገባ የተወለደ ሕፃን ነበር፤ በልጅነቱም ትንፋሽ እያጠረው ብዙ ታሟል። ወጣት ሳለ በአንድ የማዕድን ኩባንያ ውስጥ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ሜልበርን ተሻግሮ የልቡን ፍላጎት ተከተለ። ፍላጎቱ የሼክስፒርን ድርሰቶች በቃሉ ይዞ ለታዳሚ ማሰማት ነበር። የድምፅ ማጉያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ማውጣት ነበረበት።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይሻክር ጀመር። ወዳጆቹም በንባቡ መሐል አየር በአፉ ሲምግ ድምፁ እነሱ ዘንድ እንደሚደርስ ነገሩት። ሐኪሞች ጉሮሮው ተቆጥቷል ብለው መድኃኒትና ዕረፍት አዘዙለት። አንድ ትልቅ ዝግጅት በቀረበ ጊዜ ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ድምፁን በተቻለ መጠን እንዲያሳርፍ መከረው፤ እሱም ምክሩን ጠበቀ። መድረክ ላይ ሲወጣ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ሻከረ፤ ዝግጅቱ ሲያበቃ ጭራሽ ተዘግቶ መናገር አቃተው።

አሌክሳንደር ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ነገሩን አወጣ፣ አወረደ። ዝግጅቱ ሲጀመር ድምፁ ደህና ከነበረና ሲያበቃ ከተዘጋ፣ ጥፋቱ ያለው በመካከሉ ባደረገው ነገር ነው። ሐኪሙ በዚህ ተስማማ። ያ ነገር ምን እንደሆነ ግን ሊነግረው አልቻለም።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በድምፅ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ የሚሰጠው ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን መመልከት ጀመረ። እንደ ወትሮው ሲናገር ምንም የተለየ ነገር አላየም። ጥቅስ ማሰማት ሲጀምር ግን ሦስት ነገሮችን ለየ፦ ራሱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ማንቁርቱን ወደ ታች ይጫናል፤ አየሩንም በአፉ ይምጋል። ደጋግሞ ሲመለከት እነዚያው ሦስት ነገሮች በተራ ንግግሩም ውስጥ እንዳሉ፣ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ እንደሆነ አስተዋለ። የመድረኩ ሕመም ከዕለት ተዕለት ኑሮው የመጣ ነበር ማለት ነው።

ማንቁርቱንና አተነፋፈሱን በቀጥታ ለማስተካከል ቢሞክርም አልሆነለትም። ራሱን ወደ ኋላ መሳቡን ሲቀንስ ግን ሌሎቹ ሁለቱ አብረው ረገቡ፤ የድምፁም መሻከር ቀነሰ። ራስ በአንገት ላይ የሚቀመጥበት ሁኔታ የቀረውን አካል ይመራል የሚለው ዋና ትምህርቱ የተወለደው ከዚህ ነው።

ይሁንና መፍትሔውን ማወቁ ብቻ አልበቃውም። አሌክሳንደር ራሱን ወደ ፊት እንዳደረገ እርግጠኛ ሆኖ ጥቅሱን አሰማ። በግራና በቀኝ ሁለት መስታወት ጨምሮ ቢመለከት ያየው ተቃራኒውን ነበር። ወደ ፊት አደረግሁ ባለበት ቅጽበት ራሱን ይበልጥ ወደ ኋላ ይስብ ነበር። አካሉ የነገረው አንድ ነገር፣ መስታወቱ ያሳየው ሌላ ነገር ሆነ። ከልምድ ብዛት ጠማማው ቀና፣ ቀናው ደግሞ ጠማማ ሆኖ ይሰማው ነበር።

በዚህም አላበቃም። ቀድሞ ያሠለጠነው ሰው መድረክ ላይ ሲቆም ወለሉን በእግሩ ቆንጥጦ እንዲይዝ አስተምሮት ነበር። አሌክሳንደር ትእዛዙን በታማኝነት ሲፈጽም ኖሯል፤ ጣቶቹን ያጥፋል፣ ጭኑን ያጠነክራል፣ ጀርባውን ያጠባል፣ ደረቱን ያነሣል። ከእግር ጣት የጀመረው ውጥረት ጉሮሮ ላይ ያልቅ ነበር። የድምፅ ችግርን በጉሮሮ ብቻ መፈለግ ለምን ከንቱ ድካም እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

መውጫውን ያገኘው ባልጠበቀው በኩል ነው። ትክክለኛውን አቋም ለማድረግ መጣጣሩን ተወና፣ ለመናገር በወሰነበት ቅጽበት እምቢ ማለትን ተለማመደ። ዓረፍተ ነገሩን ሊጀምር ሲል ይቆማል። አንገቱ ነፃ እንዲሆን፣ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ላይ እንዲሄድ፣ ጀርባው እንዲረዝምና እንዲሰፋ በሐሳቡ ያዛል። ከዚያ እንደገና ይመርጣል፤ ዓረፍተ ነገሩን ይናገራል፣ ወይም ዝም ይላል፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ነገር ያደርጋል፤ ለምሳሌ እጁን ያነሣል። አሮጌው ልማድ የሚነሣው «አሁን ልናገር» በሚለው ሐሳብ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ከልማዱ እስኪለያይ ድረስ ይህንኑ ደጋገመ። ድምፁም ተመለሰ።

በ1904 ወደ ለንደን ሄደ። መጀመሪያ ያስተማራቸው በአብዛኛው ድምፃቸው የደከመ ተዋንያን ነበሩ። ቆይቶ ግን ፈላስፋው ጆን ዱዊ፣ ደራሲው አልደስ ሀክስሊና ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው ተማሪዎቹ ሆኑ። አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ኮርስ በ1931 ከፈተ፤ በ1955 አረፈ። በ1973 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኒኮላስ ቲንበርገን፣ በስቶክሆልም ካደረገው ንግግር ከፊሉን ለዚህ ዘዴ መስጠቱ ዝናውን ወደ ሳይንቲስቶች ሰፈር አደረሰው።

የራስ አቀማመጥ ድምፅ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው ከምን የተነሣ ነው? መልሱ ማንቁርት አንገት ውስጥ በሚኖርበት ሁኔታ ውስጥ አለ። የድምፅ አውታሮች ማንቁርት ውስጥ ትይዩ የተዘረጉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ሴት ከ13 እስከ 17፣ በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ሴት የኦርኬስትራ መሣሪያዎች የሚቃኙበትን «ላ» ስትዘምር በሴኮንድ 440 ጊዜ ይገጥማሉ፤ ይከፈታሉ። በዚህ ፍጥነት ራሱን እያኮማተረ የሚያንቀሳቅሳቸው ጡንቻ የለም። ጡንቻ የሚሠራው ማቀራረብ፣ መወጠርና ማላላት ብቻ ነው፤ የሚያርገበግባቸው ከታች የሚወጣው አየር ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ድምፁን ገፍቶ አያወጣውም። ሁኔታውን ያመቻቻል፤ ቀሪውን አየሩ ይፈጽመዋል።

ማንቁርት ደግሞ አንገት ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው። ከላይ የሚይዘው ከምላስ ሥር ያለ የግማሽ ቀለበት ቅርጽ ያለው ትንሽ አጥንት ሲሆን፣ ይህ አጥንት ከሌላ ከማንኛውም አጥንት ጋር በመጋጠሚያ አይገናኝም። በቦታው የሚያቆዩት ጡንቻዎች ናቸው፤ አንዱ ከመንጋጋ፣ አንዱ ከምላስ፣ አንዱ ከራስ ቅል መሠረት፣ ሌላው ከደረት አጥንት ይመጣል። ከትከሻ አጥንት ድረስ ተነሥቶ እዚያው የሚደርስ አንድ ቀጭን ጡንቻም አለ። ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ የሚዘምር ሰው ድምፁን ከትከሻው ጋር በገመድ አስሮታል ቢባል ማጋነን አይደለም። ራስ በበኩሉ እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ክብደት ወደ ኋላ ሲጎተት የማጅራት ጡንቻዎች ያጥራሉ፤ የፊተኞቹ ይለጠጣሉ፤ ማንቁርትም የተንጠለጠለባቸው ገመዶች ሚዛን ይዛባል።

የመተንፈሱም ነገር እንዲሁ በስሕተት የተሞላ ነው። ድምፅ ሠልጥኛለሁ የሚል ሰው ሁሉ «ከድያፍራምህ ዘምር» የሚለውን ትእዛዝ ሰምቷል። ድያፍራም በታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ዙሪያ ተያይዞ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ከሳንባ በታች የተዘረጋ ጡንቻ ነው። ዋና ሥራው አየር ማስገባት ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ አየር ይገባል። በመዝሙሩ ጊዜ፣ አየሩ ሲወጣ፣ እሱ ወደ ላይ ይመለሳል። እጅና እግር ያሉበትን ቦታ ለአንጎል የሚነግሩት የስሜት ሕዋሳት ደግሞ በድያፍራም ላይ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሰው ድያፍራሙን በቀጥታ ሊሰማው አይችልም። የሚሰማው የጎድኑን መስፋት፣ የሆዱን መግፋት፣ የወገቡን መሙላት ነው። ትእዛዙ ሊሰማው ወደማይችለው ቦታ ስለሚልከው ተማሪው ያገኘውን ጡንቻ ይጨብጣል፤ ብዙውን ጊዜም ሆዱን።

ያ መጨበጥ ዋጋ ያስከፍላል። በዝምታ ስንቀመጥ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በጥልቀት ስቦ እስከ መጨረሻው ቢያወጣ 4 ወይም 5 ሊትር ይደርሳል። የቱንም ያህል ቢጨምቅ ከአንድ ሊትር በላይ አየር ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ሳንባ ሞልቶ ሳለ ጎድን በራሱ ጊዜ ሊመለስ ይገፋፋል፤ በዚያን ሰዓት ሆድን መጭመቅ ለአውታሮቹ ከሚበቃው በላይ ግፊት ማምጣት ነው፤ አውታሮቹም ግፊቱን ለመቋቋም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ጥሩ ድምፃዊ በዜማው መጀመሪያ ላይ የጎድኑን መዘጋት ያዘገያል፤ የሆድ ጡንቻዎቹን የሚጠራው አየሩ ሲያልቅ ነው። የጣሊያን የዘፈን ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የደከሙለት ጥበብ ይኸው ነው። በጉልበት ሳይሆን ጎድኑ እየሰፋና እየጠበበ መሆኑን በማስተዋል የሚገኝ ነው።

ጆሮስ አይረዳም ወይ? ይረዳል፤ ግን ያሳስታልም። የራሳችን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንታችንም በኩል ወደ ጆሮአችን ይደርሳል፤ አጥንት ደግሞ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ያጎላል። ሰው ድምፁን በቴፕ ሲሰማ «ይህ የኔ አይደለም» የሚለው ስለዚህ ነው። በውስጡ የጎላና የወፈረ የመሰለው ድምፅ ውጭ ላለው አድማጭ የታፈነ ሊሆን ይችላል። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 ያሳተመው ግኝት ሌላውን ችግር ያብራራል፤ ሰው በጫጫታ መሐል ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ድምፅ ማጉያ በሚጮህበት አዳራሽ ወይም ጉባኤ ውስጥ የሚዘምር ሰው ራሱን ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ጉሮሮው ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ቦታ ራሱን ሊጠብቅ የሚችለው በጆሮው ሳይሆን ድምፁ ቀላል በነበረ ጊዜ አንገቱና ጎድኑ ምን ይሰማቸው እንደነበር በማስታወስ ነው።

የድምፅ አስተማሪዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሠሩት አውታሮቹን ሳያዩ ነበር። ሲሠሩ ለማየት በመብቃት ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ራሱ የዘፈን መምህር ነበር። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 ፓሪስ ላይ የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት እያንጸባረቀ አውታሮቹን ተመለከተ። በማግስቱ ዓመት ያየውን ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ የጉሮሮ ሕክምናም በዚህ መንገድ አዲስ ዘመን ውስጥ ገባ። ጋርሲያ በ1906 ሲሞት ዕድሜው 101 ነበር።

የሚገርመው ግን ያን ሁሉ ያየው ሰው ከዚያ በፊት፣ በ1841፣ ለአንዲት ታላቅ ዘፋኝ የሰጠው መድኃኒት ነው። የስዊድኗ ጄኒ ሊንድ በመድረክ ብዛት ድምፅዋ ተጎድቶ ወደ ፓሪስ ብትመጣ፣ ጋርሲያ በመጀመሪያ ያዘዛት ለስድስት ሳምንት ከመዝፈን እንድትታቀብ፣ ከመናገርም በተቻለ መጠን እንድትቆጠብ ነበር። ትምህርቱ የጀመረው ከዕረፍቱ በኋላ ነው። ሊንድ በኋላ አውሮፓንና አሜሪካን ያስደነቀች ዘፋኝ ሆነች። የዕረፍትን ዋጋ ማንም ሊክድ አይችልም። የአሌክሳንደር ታሪክ ደግሞ የሌላኛውን ግማሽ ዋጋ ያሳያል፤ ያረፈ ድምፅ ወደ ድሮ ልማዱ ከተመለሰ የሚጠብቀው ያው ነው። ሊንድን ያዳናት ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ከዕረፍቱ በኋላ ያገኘችው የአዘፋፈን ለውጥ ነው።

ከአሌክሳንደር ዘዴ የበቀለ አንድ ሌላ ቅርንጫፍ ለመዘምራን በጣም ይጠቅማል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቼሎ መምህር የነበረው ዊሊያም ኮናብል በ1970ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። ተማሪዎቹ የሚንቀሳቀሱት አካላቸው በተሠራበት መንገድ ሳይሆን፣ ተሠርቷል ብለው በሚያስቡበት መንገድ ነበር። እሱና ባርባራ ኮናብል ይህን የአካል ካርታ ብለው አስፋፉት። ፈተናው ቀላል ነው። ራስ ከአከርካሪ ጋር የሚገናኘው የት ላይ ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ማጅራቱ ላይ ጎላ ያለውን አጥንት ይነካል። መጋጠሚያው ግን ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ግድም ነው። ራሱን ከታች የሚያጥፍ ሰው ሲያቀረቅርም ሲያቀናም አንገቱን በሙሉ ይሰብራል። ትክክለኛውን ቦታ ያወቀ ዕለት ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃው ይገነዘባል።

ሳንባም እንዲሁ ነው። የሳንባ ጫፍ ደረትን ከትከሻ ከሚያገናኘው አጥንት በላይ አንገት ሥር ይደርሳል፤ ከኋላ ደግሞ ከፊት ይልቅ ወደ ታች ይረዝማል። «አየሩን ወደ ሆድህ አስገባ» የሚባለው አየር ሆድ ውስጥ አይገባም፤ ድያፍራሙ ሲወርድ የሆድ ዕቃን ስለሚገፋው ነው ሆድ የሚወጣው። መንጋጋም ተከፍቶ የሚንቀሳቀሰው ከጆሮ ፊት ለፊት ካለው መጋጠሚያ ሲሆን፣ አፉን ለመክፈት ራሱን ወደ ኋላ የሚጥል ሰው የታችኛውን መንጋጋ መጣል ሲገባው የላይኛውን እያነሣ ነው። ይህ ስሕተት በመዘምራን ሰልፍ ውስጥ፣ ከፍ ያለው ኖታ ሲደርስ፣ አገጮች ሁሉ ወደ ጣሪያ ሲያቀኑ ይታያል።

ወደ ክፍለ ጊዜው እንመለስ። ተማሪው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወንበር ፊት ይቆማል። አስተማሪዋ እንዲቀመጥና እንዲነሣ ትጠይቀዋለች፤ እጇ አንገቱ ላይ ነው። ለመነሣት ባሰበበት ቅጽበት፣ ገና አካሉ ሳይንቀሳቀስ፣ አንገቱ ሲጠብቅ እጇ ይሰማዋል። ታቆመዋለች። እንደገና ይሞክራሉ። ከዚያ አንድ የዜማ ሐረግ እንዲዘምር ትጋብዘዋለች። ያው አንገት፣ ያው መጥበቅ፣ በትንፋሹ መጀመሪያ ላይ ይመጣል። የወንበሩ ልምምድ ከዘፈን የራቀ ቢመስልም ሁለቱን የሚያበላሸው አንድ ልማድ ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ ስሜትና ጭንቀት ስለተጨመረበት ለመያዝ ይከብዳል፣ ወንበሩ ላይ ግን ራቁቱን ይገኛል። የአስተማሪዋ እጅ የሚሠራው የአሌክሳንደር መስታወቶች ይሠሩት የነበረውን ነው።

በኢትዮጵያም ዜማን ከአካል ነጥሎ የማያውቅ ረጅም የትምህርት ባህል አለ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ መሥራቹ በሆነበት የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ደቀ መዝሙሩ ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ፣ እየደገመ፣ ለዓመታት ይማራል። አቋቋም ወደሚባለው ክፍል ሲገባ ዜማው በአካል ይጻፋል። ቁም ዜማውን ያለ መሣሪያ ያዜማል፤ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ግራና ቀኝ ያዘነብላል፤ ቆይቶም ጸናጽልና ከበሮ ይጨመራሉ። ጎንደር ከተማ ያለው በዓታ ለዚህ ትምህርት ስሙ የገነነ ደብር ነው። ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌት የሚያደርስ ሊቅ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ከእግሩም ወደ መቋሚያው ያሸጋግራል፤ በአንድ ቦታ ደርቆ አይቆምም። ይህ ሥርዓት የአምልኮ እንጂ የድምፅ ሕክምና ሆኖ አልተሠራም። ቢሆንም ዜማን በእንቅስቃሴ የሚማር አካል ምን እንደሚይዝ ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው፣ ከለንደንና ከኒው ዮርክ ክፍሎች ያላነሰ የበለጸገ መስክ ነው። የድምፅ ተመራማሪዎቻችን ወደዚህ ቢያዘነብሉ ብዙ ያተርፋሉ።

ስለ አሌክሳንደር ዘዴ የተባለውን ሁሉ መቀበል ግን አይገባም። መሥራቹ ራሱ ከመጠን ያለፈ ተስፋ የሰጠባቸው ጊዜያት አሉ፤ የሰው ልጅን በሙሉ የሚያድን መንገድ አድርጎ ጽፎለታል። የሳይንስ ማስረጃው ከዚያ በጣም ይጠባል። ጠንካራው ማስረጃ የጀርባ ሕመምን የሚመለከት ነው፤ በ2008 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጣው፣ 579 ሕሙማን በተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት፣ 24 ትምህርት የወሰዱት ሰዎች ሕመም የሚሰማቸው ቀናት ከዓመት በኋላ ካልወሰዱት ይልቅ በእጅጉ አንሰው ተገኝተዋል። በሙዚቀኞች ላይ የተደረጉትን ጥናቶች በአንድነት የመረመረ የ2014 ግምገማ ደግሞ የመድረክ ፍርሃትን ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁሟል። አተነፋፈስን፣ አቋምንና የአጨዋወት ጥራትን በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ለመናገር ማስረጃው አልበቃውም። ብዙ ድምፃውያን እንደጠቀማቸው መናገራቸው የሚናቅ ባይሆንም፣ የመዝፈን ችሎታን በራሱ ይሰጣል የሚል አስተማሪ ከማስረጃው ቀድሞ እየሮጠ ነው። ጆሮ መቃኘት፣ ዜማ ማጥናት፣ ቋንቋውን አጥርቶ መጥራት የየራሳቸውን ትምህርት ይፈልጋሉ።

የዘዴው አስተማሪ ለመሆን በብሪታንያ የተለመደው ሥልጠና ሦስት ዓመትና 1,600 ሰዓት ይፈጃል፤ እንዲህ ያለ አስተማሪ በሁሉም አገር አይገኝም። አሌክሳንደር ራሱ የፈለሰፈውን አንድ ልምምድ ግን ማንም ሰው መስታወት ፊት ሊሞክረው ይችላል። የምላስ ጫፍ የታችኞቹን ጥርሶች እንደ ነካ ይቆያል። ደስ የሚል ነገር ታስቦ ፊት ፈገግ ይላል፤ የታችኛው መንጋጋ ራስ ወደ ኋላ ሳይሄድ ይወርዳል። ከዚያ ያለውን ትንፋሽ በሹክሹክታ «አ» እያሉ ማስወጣት ነው፤ አየሩ ተሟጥጦ እስኪያልቅ ሳይጨምቁ አፍን መዝጋት፣ ቀጣዩም ትንፋሽ በአፍንጫ በኩል በራሱ ጊዜ እንዲገባ መተው። የልምምዱ ቁም ነገር ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። አየር መማግ የለመደ ሰው፣ ሳይስበው የሚገባ አየር መኖሩን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዘዴው ውጭ የሆነ ሌላ ልምምድ በቀጭን የመጠጥ ቱቦ ውስጥ ማንጎራጎር ነው። አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዝ ለረጅም ጊዜ ያጠናው ይህ ልምምድ፣ ከአፍ በኩል ጥቂት ግፊት ወደ አውታሮቹ ስለሚመልስ በኃይል ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ይረዳቸዋል። ከመዝሙር ልምምድ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው እያንሸራተቱ መሥራት ይበቃል። አየሩ በአፍንጫ እንዳያመልጥ፣ አንገትም እንዳይጠብቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ የቆየ ሰው ግን ከማንኛውም ልምምድ በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ መሻከር አልፎ አልፎ የከባድ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል በምትገባ ቀጭን ካሜራ አውታሮቹን ይመለከታል። ብዙ በሚዘምሩና ብዙ በሚናገሩ ሰዎች ላይ የሚገኘው በአውታሮቹ ጠርዝ ላይ የወጣ ትንሽ ጓጎላ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ቀዶ ሕክምና አይደለም። ሰውየው ወደ ድምፅ ቴራፒስት ይላካል፤ እዚያም ለሳምንታት የሚሠራው አተነፋፈሱን፣ መንጋጋውን፣ አንገቱንና ትከሻውን ነው።